ጤነኛ መስሎ የሚኖር አይጥ

ለምርምር በላቦራቶሪ የሚረቡ አይጦች ንጹሕ ቀለብና ንጹሕ ቤት ስላገኙ ብቻ ከበሽታ ነጻ ናቸው አይባልም። በ1935 እ.ኤ.አ. ኤሪክ ትራውብ የተባለ ሊቅ፣ በአሜሪካ በፕሪንስተን በነበረው የሮክፌለር ተቋም ላቦራቶሪ የሚረቡት ነጫጭ አይጦች የአንጎልን ሽፋን የሚያስቆጣ ቫይረስ ተሸክመው እንደሚኖሩ ገለጠ። በእናቱ ማሕፀን ሳለ የተያዘ አይጥ ለረጅም ጊዜ ጤነኛ መስሎ ቫይረሱን በሽንቱ ይዘራል። ይህም ወደ ሰው ሲተላለፍ ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታት ያመጣል፤ ነፍሰ ጡር ሴትን ከያዘም ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ታዲያ የተሰወረው በሽታ እንዴት ይታወቃል? ንጹሕነታቸው በምርመራ የተረጋገጠ «ዘበኛ» አይጦች ይመደባሉ። የሌሎቹ ያደፈ ጉዝጓዝ በየጊዜው ወደ እነርሱ ሣጥን ይጨመራል፤ ከሳምንታት በኋላም ደማቸው ይመረመራል። ደማቸው በሽታውን ለመከላከል የተነሣ ሆኖ ከተገኘ፣ በሽታው ከቤቱ ገብቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሴንዳይ የተባለው የሳንባ ቫይረስ በጉዝጓዝ እምብዛም ስለማይተላለፍ፣ ከአይጦቹ ከራሳቸው ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ በዚህ ሥራ የተሰማራችሁ ሁሉ፣ የአይጡን ፀጉር ማማር አይታችሁ አትዘናጉ። ጓንት አጥልቁ፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በዚያ ክፍል ምግብ አትብሉ፤ አዲስ የመጣውንም ሳይመረመር ከነባሩ አትቀላቅሉ።