በታማሚው ሕዋስ ውስጥ ብቻ የሚነቃ ዲ.ኤን.ኤ.

በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን የሚገድል የካንሰር መድኃኒት የፀጉር ሥርንና የመቅኔን ጤነኛ ሕዋሳትም አብሮ ይጎዳል። የሕሙማን ፀጉር የሚረግፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ታዲያ በጤነኛው ሕዋስ ውስጥ ተኝቶ በታማሚው ውስጥ ብቻ የሚነቃ ሞለኪውል መሥራት ይቻል ይሆን? በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ እንመለከታለን።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ለሄርፒስ ሕመም የሚሰጠው አሲክሎቪር ቫይረሱ ባልገባበት ሕዋስ ውስጥ እምብዛም አይነቃም፤ ለማንቃት ቀዳሚውን እርምጃ የሚወስደው የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም ነውና። መድኃኒቱን ካስገኙት አንዷ ገርትሩድ ኤሊየን እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

ዛሬ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ዘዴ በቤተ ሙከራ በተሠሩ የዲ.ኤን.ኤ. ሰንሰለቶች ላይ ይሞክራሉ። ለቁልፍነት ከተመረጡት ኢንዛይሞች አንዱ ኤ.ፒ.ኢ.-1 ነው። የተፈጥሮ ሥራው ጥገና ሲሆን፣ በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ በየቀኑ 10,000 ያህል ቤዞች ከዲ.ኤን.ኤ. ላይ ሲረግፉ ቤዝ የጎደለበትን ቦታ ፈልጎ ሰንሰለቱን ይቆርጣል፤ ሌሎች ኢንዛይሞች ክፍተቱን ይሞላሉ። በጤነኛ ሕዋስ በአብዛኛው በኑክሊየስ ውስጥ ይገኛል። በበርካታ የካንሰር ሕዋሳት ግን መጠኑ ይጨምራል፤ በሳይቶፕላዝምም በብዛት ይታያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዋናው ሰንሰለት ያለቦታው እንዳይሠራ፣ ከእርሱ ጋር በሃይድሮጅን ቦንድ የሚጣመር መቆለፊያ ሰንሰለት ይታሰርበታል። በመቆለፊያው መካከል ሆን ተብሎ ቤዝ የሌለው ቦታ ይተዋል። ጥንዱ ወደ ካንሰር ሕዋስ ሳይቶፕላዝም ሲገባ ኤ.ፒ.ኢ.-1 ያንን ቦታ እንደ ጉዳት ቆጥሮ ይቆርጠዋል። ሙሉው መቆለፊያ በብዙ ቦንዶች ተይዞ ይቆይ ነበር፤ ቁርጥራጮቹ ግን አጫጭር በመሆናቸው በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጽናት ተስኗቸው ይላቀቃሉ። ዋናው ሰንሰለትም ነጻ ወጥቶ ለምሳሌ በላዩ በተለጠፈው ቀለም ብርሃን እየሰጠ ታማሚውን ሕዋስ ያመለክታል።

ችግሮቹም ቀላል አይደሉም። ዲ.ኤን.ኤ. ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው የሕዋስን ሽፋን በቀላሉ አያልፍም፤ በደም ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞችም ይቆራርጡታል። ከሁሉም በላይ፣ ቁልፉ በጤነኛ ሕዋስም ውስጥ አለ፤ ልዩነቱ የመጠንና የቦታ ብቻ ነው። ጥንዱ ወደ ጤነኛ ሕዋስ ኑክሊየስ ቢዘልቅ እዚያም ሊከፈት ይችላል። በዚህም የተነሣ አንዳንድ ተመራማሪዎች ሁለት የተለያዩ ምልክቶች በአንድነት ካልተገኙ የማይከፈት መቆለፊያ ይሠራሉ። አንዱ ምልክት ቢያሳስት እንኳ ሁለቱ አብረው የማሳሳታቸው ዕድል ያነሰ ነውና።