ፌሬቱና የእሳት እራቷ



ሊጠፉ ስለተቃረቡ እንስሳት ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚሉን ዋልያና ቀይ ቀበሮ ናቸው። የእሳት እራትን ማን ያስታውሳል? ማታ አምፖል ስትዞር በደብተር መትተን የምንጥላት ናትና። በዚህ ዕትማችን አንዲት የእሳት እራትን ከአንድ ትንሽ ሥጋ በል ጋር እናነጻጽራለን። ሁለቱም የአሜሪካ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ወቅት «ጠፉ» ተብለው ነበር።

ሥጋ በሉ ጥቁር እግር ፌሬት ይባላል። እንደ ሙጭልጭላ ቀጭንና ረጅም ነው። ኑሮው በሙሉ የተመሠረተው ፕሬሪ ዶግ በሚባል ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ ላይ ነው፤ እሱን ይበላል፣ በእሱ ጉድጓድ ያድራል። ከብት አርቢዎች «ሣራችንን ጨረሰብን» ብለው ፕሬሪ ዶግን በመርዝ ሲፈጁት ፌሬቱም አብሮ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1981 ግን ዋዮሚንግ ውስጥ አንድ ውሻ የሞተ ፌሬት ይዞ ወደ ጌቶቹ ቤት መጣ፤ በዚያው ሰበብ የተረፉት ተገኙ። ደስታው አልቆየም። በሽታ ገባባቸውና በ1987 የመጨረሻው ሲያዝ በሰው እጅ የነበሩት 18 ብቻ ነበሩ። እነሱን በማራባት ዘሩ ተረፈ፤ በ2020ም ከ1988 ጀምሮ በቅዝቃዜ ከቆየ ሴል ኤልሳቤት አን የተባለች ፌሬት በክሎኒንግ ተወለደች። ሆኖም የሚለቀቁበት ቦታ ፕሬሪ ዶግ ከሌለው ይህ ሁሉ ጥበብ ምን ይሠራል?

የእሳት እራቷ የሃዋይዋ ብላክበርን ናት፤ ክንፏ ሲዘረጋ እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በ1984 ማዊ ደሴት ላይ እንደገና ተገኘች፤ በ2000 በሕግ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ተርታ ገባች። አባጨጓሬዋ የሚበላው «አይኤአ» የተባለውን አገር በቀል ዛፍ ቅጠል ነበር። ከብትና ፍየል ደኑን ሲያራቁቱት ዛፉ ተመናመነ።

ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። ፌሬቱ ምግቡን መለወጥ አልቻለም፤ አባጨጓሬው ግን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ የትምባሆ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ መብላት ጀመረ። ቁጥቋጦው መጤ አረም ነው፤ በአገራችንም ይበቅላል። እኛ ይህን ሙሉ መዳን አንለውም፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ሊነቅለው የሚፈልገው ተክል ላይ መኖር አስተማማኝ አይደለም። ለዚህም ነው ማዊ ላይ መሬት የሚመነጥር ሰው አረሙን ከመንቀሉ በፊት ቅጠሉ ላይ አባጨጓሬ መኖር አለመኖሩን እንዲያስመረምር የሚመከረው።