የቆቦ ደጋፊዎች የክረምት ክርክር

በ2010 ዓ.ም. የወልድያ ከተማ እግር ኳስ ቡድን ከኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በወረደ ጊዜ፣ ዘመነ ክረምት ገብቶ በራያ ቆላ ማሽላው ቁመት ሲያወጣና የሆርማት ወንዝ ደፍርሶ ሲወርድ፣ በቆቦ ከተማ የሚኖሩ የቡድኑ ደጋፊዎች ክርክር ወደ አንድ ነገር አዘነበለ፤ ይኸውም ቡድኑ በክንፍ እየሮጠ ማጥቃት ይሻለዋል ወይስ ኳሱን በአጭር ቅብብል ይዞ መዝለቅ የሚል ነበር።

በቡድኑ መውረድ ማዘናቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ቡድኑ በ2007 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊጉን አይቶ ወዲያው ተመልሶ ነበር፤ ለ2009 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ዳግመኛ ወጥቶ፣ በዚያው ዓመት 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም በወልድያ ሲመረቅ፣ እስከ ቆቦ ያለው ሕዝብ ተስፋው ጸንቶ ነበርና።

ስለ ሩጫ ሲነገር ብዙ ሰው የሚያስበው ኳስ ይዞ የሚከንፈውን ብቻ ነው። ምሥጢሩ ግን ኳስ ባልያዘው ተጫዋች ዘንድ ነው፤ እርሱ ወደ መስመር ሲሮጥ ተከላካዩን ከስፍራው ያስለቅቃል፣ ለባልንጀራውም ክፍት ቦታ ያሰናዳል፤ በቅኔ ሰሙ ወርቁን እንደሚሸሽግ፣ የሚታየው ሩጫ የማይታየውን ይሰውራል። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች የሚሟገቱላቸው ስልቶች ተቃራኒዎች አይደሉም፤ ያለ ሩጫ ቅብብሉ መድረሻ ያጣል፣ ያለ ቅብብልም ሩጫው ከንቱ ድካም ይሆናል።

በተጫዋቾች ዝውውር ረገድ ደግሞ፣ የውድድር ዘመን ሳይጀመር ባለው ወራት ትንፋሽና ጉልበት የሚገነባ ስለሆነ፣ ከሊግ የወረደ ቡድን ደመወዛቸው የከበደ ዝነኞችን ከሩቅ ከሚያስመጣ ይልቅ፣ በቆቦ፣ በሮቢትና በጎብዬ ሜዳዎች የሚጫወቱትን ፈጣን ወጣቶች መርጦ በክረምቱ ቢያሠለጥን ይበጀዋል ባይ ነኝ።