«እስቲ እግርዎን ያንቀሳቅሱ»

በደረት በኩል በሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ በአኦርታ ላይ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ሲነቃ መጀመሪያ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ደረት ታክሞ እግር ለምን ይጠየቃል?

አኦርታ ከልብ ተነስቶ በደረትና በሆድ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ለህብለ ሰረሰር፣ ለኩላሊትና ለአንጀት ደም የሚያደርሱት ቅርንጫፎች የሚነሱት ከእሱ ነው። ያበጠው ክፍል በሰው ሠራሽ ቱቦ ሲተካ ደሙ ለጊዜው ይገታል። ህብለ ሰረሰር ደም ካጣ ደግሞ ታካሚው ከወገቡ በታች ሽባ ሊሆን ይችላል።

ለዚህም ነው ሐኪሞች በማሽን እየታገዙ ወደ ታችኛው አካል ደም የሚልኩት፣ ሰውነትን የሚያቀዘቅዙት፣ በኩላሊት ውስጥ ቀዝቃዛ ፈሳሽ የሚያሳልፉት። በወገብ በኩል በገባ ቀጭን ቱቦም በህብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ ቀንሰው ጫናውን ያቀልላሉ።

አስታማሚ ከሆኑ ግን ይህን ልብ ይበሉ፦ ችግሩ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ታካሚው «እግሬ ከበደኝ» ካለ «ማደንዘዣው ነው፣ ይለቅሃል» ብለው አይለፉት። ወዲያውኑ ነርስ ይጥሩ። ቶሎ ከተደረሰበት የደም ግፊቱን ከፍ በማድረግና ፈሳሹን በመቀነስ እግሩ ሊመለስ ይችላል።

ከቀዶ ጥገናው በፊትም ሐኪሙን «ህብለ ሰረሰሩን እንዴት ነው የምትጠብቁት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።