ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ የሚቆረጥ መዋጮ

ነጋዴ ለበጎ ሥራ ገንዘብ ሲያወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ከትርፉ ነው፡፡ ዓመቱ ከቀናው እጁን ይዘረጋል፤ ገበያው ከቀዘቀዘ ደግሞ ይሰበስባል፡፡ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ለሚመጣ ጠያቂም «በሚቀጥለው ዓመት እንተያይ» የሚል መልስ ይሰጣል፡፡ ይህ አሠራር በብዙ አገር የተለመደ ሲሆን የሚነቅፈውም እምብዛም የለም፡፡

በስዊዘርላንድ ከሚገኙት ሁለት ታላላቅ ቸርቻሪዎች አንዱ የሆነው ሚግሮስ ግን ከዚህ የተለየ መንገድ ይከተላል፡፡ ድርጅቱ ለባህልና ለማኅበራዊ ሥራዎች የሚሰጠውን ገንዘብ የሚያሰላው ከትርፉ ሳይሆን ከሽያጩ ነው፡፡ አሠራሩ «የባህል ፐርሰንት» በሚል ስያሜ የሚታወቅ ሲሆን፣ በድርጅቱ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፡፡ መንግሥት አላዘዘውም፤ የግብር ሕግም አላስገደደውም፡፡ በፈቃዱ ራሱን ያሰረበት ግዴታ ነው፡፡

የሸቀጣ ሸቀጥ ችርቻሮ ትርፉ ቀጭን መሆኑን የሚያውቅ ነጋዴ እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም፡፡ አንደኛው፣ በዚህ ዓይነት ንግድ ውስጥ ከሽያጭ ላይ ቆርጦ መስጠት እንዴት ተቻለ? የሚል ነው፡፡ ሁለተኛው ደግሞ፣ የሚሰጠው ገንዘብ በእርግጥ የማን ነው? የሚል ነው፡፡

አምስት መኪና፣ ስድስት ሸቀጥ

የሚግሮስ መሥራች ጎትሊብ ዱትቫይለር የተባሉ የዙሪክ ነጋዴ ናቸው፡፡ ሚስተር ዱትቫይለር በምግብ ሸቀጦች አስመጪነት ይሠሩ የነበረ ሲሆን፣ ሸሪክ የነበሩበት ድርጅት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረሰ፡፡ ወደ ብራዚል ተሻግረው እርሻ ቢሞክሩም ስላልተሳካላቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ፡፡ ከዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ የቀራቸው ትምህርት አንድ ነበር፡፡ ይኸውም አምራቹ በሚያገኘው ዋጋና ሸማቹ ሱቅ ገብቶ በሚከፍለው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ከመጠን በላይ ሰፊ መሆኑ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1925 አምስት የፎርድ መኪኖች ሸቀጥ ጭነው በዙሪክ መንደሮች መዞር ጀመሩ፡፡ የያዙት ስድስት ዓይነት ሸቀጥ ብቻ ነበር፤ ቡና፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ የኮኮናት ቅባትና ሳሙና፡፡ የሱቅ ኪራይ የለም፤ በመሀል የሚገባ ደላላም የለም፡፡ የድርጅቱ ስም ራሱ በጅምላና በችርቻሮ ዋጋ መካከል ያለ ዋጋ የሚል ሐሳብ የያዘ ነው ተብሎ ይተረጎማል፡፡

ባለሱቆችና አምራቾች ይህን አልወደዱትም፡፡ አምራቾች ሸቀጥ አንሸጥለትም ሲሉ ሚግሮስ የራሱን ፋብሪካዎች ወደ መያዝ ሄደ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1933 ደግሞ አዳዲስ ቅርንጫፍ መክፈትን የሚከለክል ሕግ ወጥቶ እስከ 1945 ቆየ፡፡ በእነዚህ ዓመታት ድርጅቱን ያቆመው የሸማቹ ድጋፍ ነበር፡፡ የኋላው ስጦታ መነሻም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ በሕዝብ ድጋፍ የቆመ ንግድ የሕዝብ ባለዕዳ ነው የሚለው አስተሳሰብ ያኔ ሥር ሰደደ፡፡

ደንበኛው ባለቤት ሲሆን

እ.ኤ.አ. በ1941 መሥራቹ ለብዙ ነጋዴ ለመቀበል የሚከብድ እርምጃ ወሰዱ፡፡ አክሲዮን ማኅበር የነበረውን ድርጅት ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበርነት ለውጠው ባለቤትነቱን ለደንበኞች አስተላለፉ፡፡ ለተመዘገቡት ደንበኞች እያንዳንዱ የ30 ፍራንክ ዋጋ ያለው ዕጣ በስማቸው ተሰጣቸው፡፡ ዛሬ ሚግሮስ በ10 የክልል ኅብረት ሥራ ማኅበራትና እነርሱን በሚያስተባብር አንድ ፌዴሬሽን የተዋቀረ ሲሆን፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት፡፡ አባሉ ብዙ ገዛም ጥቂት፣ ድምፁ አንድ ነው፡፡

ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሆነው መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው፡፡ ሚግሮስ የትርፍ ድርሻ የሚጠብቅ ባለአክሲዮን የለበትም፡፡ የሚተርፈው ገንዘብ ለሥራው ማስፋፊያ ይውላል እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም፡፡ ስለዚህ የባህሉ መዋጮ ሲቆረጥ «ድርሻዬ ተነካ» ብሎ በጠቅላላ ጉባዔ ላይ የሚነሳ ሰው አይኖርም፡፡ የዕጣ ሽያጭ ገበያም ስለሌለው ዋጋዬ ወረደ የሚል አይመጣም፡፡

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ደንቡ ሁለት ስሌት አለው፡፡ የክልል ማኅበራቱ ከችርቻሮ ሽያጫቸው ግማሽ ፐርሰንት፣ ፌዴሬሽኑ ደግሞ ከጅምላ ሽያጩ አንድ ፐርሰንት ለባህል፣ ለማኅበራዊና ለትምህርት ሥራዎች ያውላሉ፡፡ ሒሳቡ የሚታየው በአራት ዓመት አማካይ በመሆኑ፣ በአንድ ዓመት የጎደለው በሌላው ሊካካስ ይችላል፡፡

ግማሽ ፐርሰንት ሲባል ትንሽ ሊመስል ይችላል፡፡ ነገሩን በብር አስልቶ ማየት ይሻላል፡፡ በዓመት 20 ሚሊዮን ብር የሚሸጥ አንድ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር አለ እንበል፡፡ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ ከመቶ ሁለት ብር ቢተርፈው የዓመቱ ትርፉ 400 ሺህ ብር ነው፡፡ የሽያጩ ግማሽ ፐርሰንት ደግሞ 100 ሺህ ብር ይሆናል፡፡ ይህም ማለት የትርፉን አንድ አራተኛ ሰጠ ማለት ነው፡፡

አሁን ገበያው ቀዝቅዞ ሽያጩ ሳይቀንስ ትርፉ ወደ 100 ሺህ ብር ወረደ እንበል፡፡ ከትርፉ አሥር ፐርሰንት እሰጣለሁ ያለ ነጋዴ በደጉ ዓመት 40 ሺህ ሰጥቶ በክፉው ዓመት 10 ሺህ ብቻ ያወጣል፡፡ ከሽያጩ ግማሽ ፐርሰንት እሰጣለሁ ያለው ግን ያንኑ 100 ሺህ፣ ማለትም ያገኘውን በሙሉ ሊያወጣ ነው፡፡ በሌላ በኩል ትርፉ አንድ ሚሊዮን ብር ቢደርስለትም ግዴታው ከ100 ሺህ አያልፍም፡፡

የሁለቱ ዘዴዎች ልዩነት ይኸው ነው፡፡ ከትርፍ የሚሰጥ ሰው ክፉውን ዓመት ለተቀባዩ ያሸክማል፤ ከሽያጭ የሚሰጥ ግን ራሱ ይሸከመዋል፡፡ ለተቀባዩ የሁለተኛው ዘዴ ጥቅም ግልጽ ነው፡፡ የሙዚቃ ቡድንም ሆነ ትምህርት ቤት የሚመጣለትን ገንዘብ አስቀድሞ ስለሚገምት የዓመታት ዕቅድ ማውጣት ይችላል፡፡ ለሰጪው ደግሞ መዋጮው እንደ ቤት ኪራይና እንደ ደመወዝ የታወቀ ወጪ ይሆናል፡፡

ገንዘቡ የት ይውላል?

ስጦታው ከደንቡ ይቀድማል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1941 በስዊዘርላንድ ደቡብ ወደ ሞንቴ ጄኔሮሶ ተራራ የሚወጣው የባቡር መስመር ለብረታ ብረት ቁርጥራጭነት ሊሸጥ ሲል ሚስተር ዱትቫይለር ገዝተው አተረፉት፡፡ በ1944 «ክሉብሹለ» የተባለው የአዋቂዎች ትምህርት ቤት በቋንቋ ትምህርት በአነስተኛ ክፍያ ተጀመረ፡፡ በዙሪክ አቅራቢያ በሩሽሊኮን የሚገኘው መናፈሻም ለሕዝብ የተሰጠው በዚያው አሥርት ዓመት ነው፡፡

እስከዚያ ድረስ ግን ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፡፡ መሥራቹ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ሲጠጋ፣ ከእርሳቸው በኋላ የሚመጣ ሥራ አስኪያጅ ስጦታውን እንደ ትርፍ ወጪ ቆጥሮ እንዳያስቀረው ልማዱ ወደ ደንብ ተለወጠ፡፡ ደንቡ በወጣ በአምስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ሚስተር ዱትቫይለር አረፉ፡፡ ስጦታው ግን አልተቋረጠም፡፡

ዛሬ በዚህ ገንዘብ ከሚደገፉት መካከል በአራት ቦታዎች የሚገኙ የሕዝብ መናፈሻዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በሩሽሊኮን የተከፈተው የጎትሊብ ዱትቫይለር ኢንስቲትዩትና በ1996 በዙሪክ የተቋቋመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኙበታል፡፡ በሞንቴ ጄኔሮሶ አናት ላይም ማሪዮ ቦታ የተባሉት አርክቴክት የነደፉት ሕንፃ በ2017 ለጎብኚ ክፍት ሆኗል፡፡ ጠቅላላ ወጪው በዓመት ከ100 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ነው፡፡

ከፋዩ ማን ነው?

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ እንደ መጀመሪያው ቀላል አይደለም፡፡ ሚግሮስ ይህን መዋጮ ትቶ ዋጋ ቢቀንስበት ኖሮ፣ በዓመት የ10 ሺህ ፍራንክ አስቤዛ የሚገዛ ቤተሰብ በችርቻሮው ግማሽ ፐርሰንት ብቻ 50 ፍራንክ ያህል ይተርፈው ነበር፡፡ በዚህ ዓይን ሲታይ ገንዘቡ የኩባንያ ቸርነት ሳይሆን ከሸማቹ ኪስ የወጣ መዋጮ ነው፡፡ ኮንሰርት ገብቶ የማያውቅ ሰው ሩዝ ሲገዛ የኮንሰርት ወጪ ይጋራል ማለት ነው፡፡

የአሠራሩ ደጋፊዎች በበኩላቸው ደንበኛው ባለቤትም ስለሆነ በገንዘቡ ላይ ድምፅ አለው የሚል መከራከሪያ ያቀርባሉ፡፡ ድምፁ ለይስሙላ አለመሆኑ በሌላ ጉዳይ ታይቷል፡፡ ሚግሮስ እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ በሱቆቹ አልኮል አይሸጥም፡፡ በ2022 ይህ ክልከላ ይነሳ ወይ ተብሎ አባላት ሲጠየቁ፣ ለማሻሻል ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፡፡ አሥሩም ማኅበራት «አይነሳም» አሉ፡፡ ተቃውሞው ዝቅተኛ በሆነበት በቲቺኖ ክልል እንኳ 55 በመቶ ያህሉ ሲቃወም፣ በዙሪክ 80 በመቶ ደርሷል፡፡ ገበያ የሚያመጣ ሸቀጥ ይቅርብን ያሉት ራሳቸው ባለቤቶቹ ናቸው፡፡

እዚህ ላይ የሚነሳ ሌላ ወቀሳ አለ፡፡ ሚግሮስ እ.ኤ.አ. በ2007 የያዘው ዴነር የተባለ የቅናሽ መደብር አልኮልና ትምባሆ ይሸጣል፡፡ በፊት ለፊት በር የተከለከለው በጓሮ ገባ የሚሉ ጥቂት አይደሉም፡፡ ከ2012 ጀምሮ ዴነርን ጨምሮ የቡድኑ ኩባንያዎች የራሳቸውን ማኅበራዊ ፈንድ እንዲደግፉ ተደርጓል፤ ወቀሳው ግን በዚህ አልበረደም፡፡

ክፉ ዓመት ሲመጣ

የባህሉን ፐርሰንት የሚፈትነው የገበያው ሁኔታ ነው፡፡ የጀርመኖቹ የቅናሽ መደብሮች አልዲ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሊድል ደግሞ በ2009 ስዊዘርላንድ ገብተው ዋጋ መስበር ጀመሩ፡፡ እነዚህ ተወዳዳሪዎች ከሽያጫቸው ላይ የሚቆርጡት የባህል ግዴታ የለባቸውም፡፡ በዋጋ ፉክክር ደግሞ ግማሽ ፐርሰንትም ቢሆን ፐርሰንት ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ2022 የሚግሮስ ቡድን ትርፍ 459 ሚሊዮን ፍራንክ ነበር፡፡ በ2023 ሽያጩ 32 ቢሊዮን ፍራንክ ገደማ ሆኖ ሳለ ትርፉ ወደ 175 ሚሊዮን ወረደ፡፡ በ2024 መጀመሪያ ድርጅቱ የጉዞ ወኪሉን፣ የስፖርትና የኤሌክትሮኒክስ መደብሮቹን ሊሸጥና እስከ 1,500 የሥራ ቦታ ሊቀንስ መወሰኑን አስታወቀ፡፡

ሽያጭ ሳይቀንስ ትርፍ ሲወርድ ከሽያጭ ላይ የሚቆረጠው መዋጮ እንዳለ ይቆያል፡፡ ሠራተኛ በሚሰናበትበት ዓመት ለሙዚየምና ለመናፈሻ ገንዘብ መውጣቱ ለሥራ አስኪያጁም ሆነ ለተሰናባቹ መራራ ነው፡፡ ነገር ግን ደንቡ ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ባለው ዓመት ነው፡፡ በደጉ ዓመት ብቻ የሚከበር ቃል ያለ ደንብም ሊከበር ይችላል፡፡

ለሌላው ነጋዴ ምን ይጠቅማል?

የሚግሮስ አሠራር እንዳለ ተገልብጦ የሚሠራ አይደለም፡፡ የትርፍ ድርሻ ለሚከፍል አክሲዮን ማኅበር ከሽያጭ ላይ መቁረጥ ማለት ባለአክሲዮኑን ቀድሞ ማስፈቀድ ማለት ነው፡፡ እንዲህ ያለ ግዴታ ካለበት ኩባንያ አክሲዮን የሚገዛ ሰውም መዋጮውን እንደ መልካም ስም ማስታወቂያ ሳይሆን ከትርፍ በፊት እንደሚቀነስ ወጪ አድርጎ ማስላት ይኖርበታል፡፡

መጠኑም ከሥራው ጠባይ ጋር መመዛዘን አለበት፡፡ ከመቶ ሃያ ለሚያተርፍ ግማሽ ፐርሰንት ቀላል ነው፤ ከመቶ አንድ ለሚያተርፍ ጅምላ አከፋፋይ ግን የትርፉ እኩሌታ ነው፡፡ ለእንዲህ ያለው ነጋዴ ከሺህ አንድ ብር ወስኖ በየዓመቱ ሳያዛንፉ መስጠት፣ ብዙ ቃል ገብቶ በሁለተኛው ዓመት ከማፈግፈግ ይሻላል፡፡ የአራት ዓመቱ አማካይም ለዚሁ የሚረዳ ብልሃት ነው፤ አንድ ዓመት ቢያንገዳግድ ቃል ሳይፈርስ መተንፈሻ ይሰጣል፡፡

በመጨረሻም ውሳኔው የት እንደተጻፈ ማየት ያስፈልጋል፡፡ በባለቤቱ ልብ ውስጥ ብቻ ያለ ስጦታ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል፤ በመመሥረቻ ጽሑፍ ወይም በመተዳደሪያ ደንብ የተጻፈ ግን ወራሽንም ሥራ አስኪያጅንም ያስገድዳል፡፡ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ከእያንዳንዱ ፍራንክ ላይ ግማሽ ሳንቲም እየተለቀመ የባቡር መስመርና መናፈሻ ያቆመው ይኸው በጽሑፍ የሰፈረ አንድ አንቀጽ ነው፡፡