ለሯጭ ልጆች የሚሰጡ ምክሮች፦ ተረትና እውነታ

በቆጂና አካባቢዋ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ካፈሩ ወዲህ፣ ማልዶ ተነሥቶ የሚሮጥ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ተስፋ አለ። ከተስፋው ጋር ከጎረቤት፣ ከሜዳ ዳር፣ አንዳንዴም ከአሠልጣኝ የሚሰማ ምክር ይመጣል። የሚጎዳው ምክር በአብዛኛው አንድ ነገር ይዘነጋል። የ14 ዓመት ሯጭ የሚበላውና የሚተኛው ለሩጫ ብቻ አይደለም፤ አጥንቱና ጡንቻውም ገና እያደጉ ነው። ምግብና እንቅልፍ ሲጎድል ዕድገቱም ሩጫውም ይጎዳል።

ተረት፦ «ቅጥነት ፍጥነት ነው፤ ትንሽ የበላ ይቀድማል።»

እውነታ፦ የታላላቅ ሯጮችን ሰውነት አይቶ ራት መዝለል የሚጀምር ልጅ ጥቂት አይደለም። ሰውነት ጉልበት ሲያጥረው ለዕድገት፣ ለአጥንትና ለሆርሞን ከሚያውለው ላይ ይቆጥባል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 እ.ኤ.አ. ለዚህ ችግር ስም ሰጥቶ፣ ሴቶችን ብቻ ሳይሆን ወንዶችንም እንደሚነካ አስታውቋል። ድካም፣ ቶሎ ቶሎ መታመም፣ የሩጫ ሰዓት መዘግየትና የአጥንት መሰንጠቅ ይከተላሉ። የሴት ልጅ የወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ካልመጣ፣ «ልምምዱ ከብዷት ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ሐኪም ይያት።

ተረት፦ «ጤፍ ብረት ስላለው እንጀራ የሚበላ ደም አያንሰውም።»

እውነታ፦ ጤፍ ብረት አለው። ነገር ግን በምርመራ የሚታየው ብረት ከፊሉ በአውድማ ከተቀላቀለው አፈር የመጣ ነው፤ ሰውነትም ከእህል የሚገኘውን ብረት የሚወስደው በጥቂቱ ነው። የሊጡ መቡካት ይረዳል። ከምስርና ከሽሮ ጋር ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ መጨመር ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ስለሚይዙት ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት ቢርቁ ይሻላል። የደም ማነስ ከወባና ከአንጀት ትላትልም ስለሚመጣ፣ ቶሎ የሚደክም ልጅ ደሙ ሳይታይ የብረት ክኒን አይሰጠው።

ተረት፦ «ሥጋ ካልበላ አይሮጥም፤ በጾም ልምምድ ከንቱ ነው።»

እውነታ፦ እንጀራ ከምስር፣ ከአተር ወይም ከባቄላ ጋር ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞላ ጥሩ ፕሮቲን ይሆናል። ከልምምድ በፊት በሶ ወይም ሙዝ፣ ከልምምድ በኋላ ደግሞ ሳይዘገይ ትኩስ ምግብ መብላት ለብዙዎች ይበቃል። ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጪ በተለመደው ምግባችን የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ ስለዚህ በፍስክ ቀናት ወተትና እንቁላል አይታለፉ። ችግር የሚመጣው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ጠዋት ከባድ ልምምድ ሲሠራ ነው። በዚያ ወቅት ጠዋት ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ማድረግ፣ ከባዱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል። በእስልምናም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ጾም ግዴታው አይደለም።

ተረት፦ «ላብ ሳይደርቅ ውኃ ከጠጣ ይታመማል።»

እውነታ፦ ላብ የወጣ ፈሳሽ ነው፤ መተካት አለበት። በየመሐሉ ጥቂት ጥቂት ንጹሕ ውኃ መጠጣት አይጎዳም። ሽንቱ ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ውኃ ጎድሎታል። ካፌይን ያለባቸው የኃይል መጠጦች ግን ለልጆች አይመከሩም።

ተረት፦ «ሳይታመም የጠነከረ የለም፤ በየቀኑ ይሩጥ።»

እውነታ፦ የልጅ አጥንት ጫፍ ላይ ያለው የማደጊያ ክፍል ለስላሳ ስለሆነ ከተደጋጋሚ ጫና በቶሎ ይጎዳል። ከጉልበት በታች የሚያብጥና የሚያም ቦታ የሚታየው በአብዛኛው በፈጣን ዕድገት ወቅት ነው። በሕፃናት ስፖርት ሐኪሞች ዘንድ የተለመደ መለኪያ አለ፦ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን፣ የሳምንቱም የልምምድ ሰዓት ከልጁ ዕድሜ እንዳይበልጥ። ለ12 ዓመት ልጅ ከ12 ሰዓት በላይ አይሁን ማለት ነው። ጣት ሲያርፍበት አንድ ቦታ ላይ የሚያም አጥንት ወጌሻ ከመነካካቱ በፊት ሐኪም ይየው፤ ማሸትና መሳብ ስንጥቁን ሊያባብሰው ይችላል።

ስለ መቸኮልም የታላላቆቻችን ታሪክ ብዙ ይናገራል። ቀነኒሳ የመጀመሪያ ማራቶኑን በ2014 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ሲሮጥ 31 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሦስት የኦሊምፒክ ወርቆች ነበሩት። ደራርቱ የኒውዮርክ ማራቶንን በ2009 እ.ኤ.አ. ያሸነፈችው ከባርሴሎናው ወርቋ 17 ዓመት በኋላ ነው። የ15 ዓመት ልጅን ለጎዳና ሩጫ ሽልማት ማስሮጥ የሚያሳጥረው ከፊቱ ያለውን የሩጫ ዕድሜ ነው።

ተረት፦ «ጫማ ከገዛንለት ድርሻችን አልቋል።»

እውነታ፦ ከጫማው በላይ የሚያስፈልገው እንቅልፍ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሣ ልጅ ማታ 3 ሰዓት ላይ መተኛት ይኖርበታል። ሴት ልጅ ደግሞ ከልምምድ ተመልሳ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች። ጡንቻዋ የሩጫውን ድካም ከጄሪካኑ ለይቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ሥራውን ወንድሟም ይካፈል። ከውድድር ሲመለሱም «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት በፊት «አሞሃል? በልተሃል?» ብሎ መጠየቅ ልጁ ጉዳቱን እንዳይደብቅ ያደርገዋል። ጉዳት የሚደብቅ ልጅ አሠልጣኙን ብቻ ሳይሆን ሐኪሙንም ያሳስታል፤ ቀድሞ የሚያውቅለት ደግሞ አብሮት የሚኖር ቤተሰብ ነው።