የፓይን ዛፍ ፌኖሎች ለማን ይሠራሉ?

ፓይን መርፌ መሳይ ቅጠል ያለው፣ ዘሩን በእንጨታማ ኮን ውስጥ የሚይዝ የዛፍ ወገን ነው። ከመቶ የሚበልጡ ዝርያዎች አሉት፤ ከሜክሲኮ የመጣው ፓቱላ በኢትዮጵያም በደን ልማት ሥፍራዎች ተተክሎ ይገኛል። ዛፉ ይበልጥ የሚታወቀው በሙጫው ቢሆንም፣ በእንጨቱ፣ በልጡና በቅጠሉ ውስጥ ፌኖሊክ የሚባሉ ውህዶችንም ያከማቻል። እነዚህ ስድስት ካርቦኖች በሠሩት ቀለበት ላይ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ የተያያዘባቸው ናቸው። ዛሬ በእንክብል ታሽገው «ፀረ ኦክሲዳንት» በሚል ስም ይሸጣሉ። ስያሜው ሐሰት ባይሆንም ዋናውን ነገር ይሸፍናል፤ አንድ ፌኖል የሚጠቅመውም የሚጎዳውም እንደ ቦታው፣ እንደ መጠኑና እንደሚያገኘው አካል ነውና።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በስኮትስ ፓይን ግንድ ውስጥ የሚገኘው ፒኖሲልቪን ነው። የግንዱ ውስጠኛ እንጨት ሕዋሳቱ የሞቱ ስለሆኑ ፈንገስ ቢገባበት መልስ መስጠት አይችልም። ስለዚህ ዛፉ ሕዋሳቱ ከመሞታቸው በፊት ፒኖሲልቪንን ሠርቶ ያስቀምጥለታል። ሕያው የሆነው ውጫዊ እንጨት ግን ውህዱን የሚያመርተው ሲቆስል ወይም ፈንገስ ሲደርስበት ነው። በቅርንጫፍ መነሻ፣ በግንዱ ውስጥ ተቀብሮ በሚቀረው ጠንካራ እንጨት፣ ክምችቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በኖርዌይ የሚገኘው የኡርኔስ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ከ12ኛው ክፍለ ዘመን እስከ ዛሬ የቆመው በፓይን እንጨት ነው። ለዚህ ዕድሜ ሙጫውና የአሠራሩ ጥበብም ድርሻ አላቸው፤ ፌኖሉ ብቻውን አልሠራውም። ከዚህም ሌላ እንጨት የሚያበሰብሱ ፈንገሶች ሁሉ ለፒኖሲልቪን እኩል አይሸነፉም፤ ፌኖሎችን በኢንዛይም የሚሰባብሩት ይቋቋሙታል። መርዙ እንኳ የሚሠራው ጠላቱን መርጦ ነው።

ያው ሞለኪውል ከዛፉ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል። የፓይን ውስጠኛ እንጨት በአሲዳማ ሰልፋይት ተቀቅሎ ለወረቀት አልፈታ ይል ነበር። የስዊድኑ ኬሚስት ሆልገር ኤርትማን እ.ኤ.አ. በ1939 ፒኖሲልቪንን ለይቶ ሲያወጣ ምክንያቱ ታወቀ፤ ውህዱ እንጨቱን ከሚያጣብቀው ሊግኒን ጋር እየተጣመረ እንዳይሟሟ ያደርገዋል። ለዛፉ ጋሻ የሆነው ለወረቀት ሠሪው ዕንቅፋት ሆነ ማለት ነው። አፈር ውስጥ ደግሞ የሌሎቹ የፓይን ፌኖሎች ታሪክ እንደገና ይለያል። በ1995 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በሰሜን ካሊፎርኒያ ጠረፍ የሚበቅለው ቢሾፕ ፓይን የሚያረግፈው ቅጠል ፖሊፌኖሉ (ከብዙ ፌኖሎች የተሠራው ውህድ) በበዛ ቁጥር ናይትሮጅን በማዕድን መልክ መለቀቁ እየቀነሰ፣ በኦርጋኒክ መልክ መለቀቁ እንደሚያይል አሳይቷል። በድኻ አፈር ላይ ይህ ናይትሮጅን ታጥቦ እንዳይጠፋ ሊረዳ ይችላል።

የሰው ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ከፈረንሣይ ደቡብ ምዕራብ የባሕር ዳርቻ ፓይን ልጥ የሚወጣውና ፒክኖጄኖል በሚል ስም የሚሸጠው ንጥረ ነገር አብዛኛው ፕሮሲያኒዲን የተባለ የታኒን ዓይነት ነው። ደጋፊዎቹ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የፈረንሣዊውን አሳሽ የዣክ ካርቲዬን ታሪክ ነው፤ በ1535 እና 1536 መካከል በነበረው ክረምት ኩቤክ ላይ በበረዶ የታገዱት መርከበኞቹ በስከርቪ ሲያልቁ፣ የአገሩ ሰዎች ያሳዩአቸውን የዛፍ ቅጠልና ልጥ ቀቅለው ጠጥተው ዳኑ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ለፌኖል ግን ምስክር አይሆንም። ስከርቪን የሚያመጣው የቫይታሚን ሲ እጦት ነው፤ ዛፉም የትኛው እንደነበር እስከ ዛሬ ያከራክራል።

«በሰው ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አሉ» የሚለው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል። አሉ። ኮክሬን የተሰኘው የሕክምና ማስረጃ ገምጋሚ ተቋም በ2020 ባወጣው ግምገማ በ10 ሥር የሰደዱ ሕመሞች ላይ የተደረጉ 27 ሙከራዎችን መዝኗል፤ ተሳታፊዎቹ በድምሩ 1,641 ናቸው። ሙከራዎቹ ትናንሽና የተበታተኑ በመሆናቸው ጠቃሚነቱንም ሆነ ደኅንነቱን በእርግጠኝነት ለመናገር አልተቻለም። የሥነ ሕይወት ምክንያትም አለው፤ ትልልቆቹ ፕሮሲያኒዲኖች እንዳሉ ወደ ደም አይገቡም፤ የአንጀት ባክቴሪያዎች ቆራርጠው ወደ ሌሎች ውህዶች ይለውጧቸዋል። በብልቃጥ ውስጥ የታየው ኃይል በሰው ደም ውስጥ ያው ሆኖ የማይገኘው ስለዚህ ነው።

«ታዲያ ከዛፍ መከላከያ መድኃኒት አይወጣም ወይ?» ለሚል መልሱ ይወጣል ነው፤ ታክሶል የተባለው የካንሰር መድኃኒት መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ልጥ ነው። ነገር ግን መድኃኒት የሆነው ለየትኛው በሽታ፣ በምን መጠን፣ በምን ጉዳት እንደሚሰጥ ተለይቶ ከታወቀ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ የሚቀቀል ቅጠል ይህ ልየታ የለውም፤ ለምሳሌ የፖንደሮሳ ፓይን ቅጠል የበሉ እርጉዝ ላሞችን የሚያስወርዳቸው ውህድ ፌኖል እንኳ አይደለም፤ ከዚያው ቅጠል የሚገኝ የሙጫ አሲድ ነው። ስለዚህ እንክብሉን ለሚገዛ ሰው «ፀረ ኦክሲዳንት ነው ወይ?» ከሚለው ይልቅ የየትኛው ዝርያ፣ የየትኛው ክፍል፣ በምን መጠን፣ በየትኞቹ ሕሙማን ላይ ተፈተነ የሚሉት ጥያቄዎች ይበጁታል። ዛፉ ውህዱን የሠራው ለራሱ ጉዳይ ነው፤ ለእኛም ይሠራል የሚል ግን ማስረጃውን ማቅረብ አለበት።